ባለ ፋኖሱ በበረዶ ጋሪ

የአክስቴ ልጅ ሊሊያ ወደ ሠርጓ በዳቦ መኪና የሄደችው በእኔ ምክንያት ነው። ሙሽራዋን ሊወስድ የተዘጋጀው የአባቴ ሞስክቪች መኪና ነበር፤ ታጥቦ፣ ጥብጣብ ታስሮለት፣ ጣሪያው ላይ ሁለት የካርቶን ቀለበት ተለጥፎለት ቆሟል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አልነሳም አለ። አባቴ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አውቄ።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታውን ያኔውኑ ጠይቄያለሁ፤ ሦስት ወር ጌም እንዳልነካ ተፈርዶብኝም ጨርሻለሁ። ሊሊያ በየበዓሉ የምታወራው የራሷን ግማሽ ብቻ ነው፤ ቬሎዋ ላይ ስለተበተነው ዱቄትና ሾፌሩ ስለሰጣት ትኩስ ዳቦ። ሌላኛው ግማሽ የእኔ ነው።

በዚያ ዘመን ድኔፐር ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ሕንፃ፣ ቁጥር ሰባት፣ ለሦስት ሰዓት ሲበራለት ፊት ለፊቱ ያለው ቁጥር ስምንት ይጠፋበታል፤ ከዚያ ይገለበጣል። በመካከላችን አንድ ግቢ፣ አንድ የዛገ ዥዋዥዌና አንድ የቆሻሻ ገንዳ ነበር። እኛ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የእነሱ መስኮት ሲበራ ማየት ያናድዳል። እናቴ ሰዓቱ ሲደርስ መጋረጃውን ትዘጋ ነበር፤ “የሰው ብርሃን አልመለከትም” እያለች።

ፋብሪካዎቹ ያን ጊዜ ደሞዝ በዕቃ ይከፍሉ ነበር። ለአንዱ ቴርሞስ፣ ለሌላው ጃንጥላ ሲታደል ለአባቴ ከቻይና በልዋጭ የመጣ የጌም ማሽን ደረሰው። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችና “ይሄን ቀቅለን እንብላው?” አለች። ገበያ ወስደው ሊሸጡት ሞከሩ፤ ክዳኑ ስለተሰነጠቀ ማንም አልፈለገውም። በዚህ ሁኔታ ነው በግቢው ውስጥ የራሷ ማሽን ያላት ብቸኛ ሴት ልጅ የሆንኩት።

ማሽኑ የራሱ ሕግ ነበረው። በየቤቱ ያሉ ወላጆች ጌም የቴሌቪዥን ማያ ያበላሻል ብለው ያምኑ ስለነበር የምንጫወተው ተደብቀን ነው። እናቴ ከሥራ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ሞቆ ካገኘችው አለቀልኝ። ስለዚህ እሷ ከመድረሷ ግማሽ ሰዓት በፊት ሁሉን አጠፋና ቴሌቪዥኑን በእርጥብ ፎጣ፣ አዳፕተሩን በረንዳ ላይ በረዶ ውስጥ አቀዘቅዛለሁ። ማሽኑን ያዋስኳት ጓደኛዬ ስኒዣና አንድ ጊዜ አዳፕተሩን ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ረስታው እናቷ ከቅቤው ሥር አገኘችው።

በሁለቱ ሕንፃዎች ልጆች ዘንድ ከሁሉም የከበረው ካሴት ባለ ፋኖሱ ነበር። ትክክለኛ ስሙን ማንም አያውቅም፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈው በቻይንኛ ነው። አንድ ትንሽ ሰውዬ ፋኖስ ይዞ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ ስምንት ዋሻ አለ፤ የሚናድ ድንጋይ፣ የሚፈነዳ ጋዝ፣ ጋሪ የሚገፉ አይጦች አሉ። ይህ ጌም ካቆምክበት የሚያስቀጥል የይለፍ ቁጥርም ሆነ መዝጋቢ የለውም። ካጠፋኸው ሰውዬው ተመልሶ አንደኛው ዋሻ አፍ ላይ ይቆማል። እስከ ስድስተኛው ዋሻ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስድስተኛው ዋሻ ላይ ስንደርስ ደግሞ ፈረቃችን ያልቃል፤ መብራቱ ይሄዳል፤ ሰውዬውም ይሄዳል። ጎበዝ ጠፍቶ አልነበረም፤ አምስት ሰዓት ተከታታይ መብራት ያለው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። መጨረሻውን በከተማችን ያየ ሰው አልነበረም።

ከቲሙር በስተቀር። ቲሙር የቁጥር ስምንት ልጅ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቱ፤ አባቱ ገበያ ውስጥ ካሴት ይሸጣል፤ ስለዚህ በግቢው ውስጥ የሚለው ሁሉ ሕግ ነበር። አንድ ሰኞ ዥዋዥዌው ላይ ቆሞ መጨረሻውን ነገረን። ሌላ ከተማ ያለ አጎቱ ቤት መብራት አይጠፋም፤ እዚያ ጨረሰው። ስምንተኛው ዋሻ ውስጥ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ አለ፤ ዘንዶው ሲሞት ልዕልት ትወጣለች፤ ልዕልቷ ባለ ፋኖሱን ሳመችው፤ ከዚያም በቀይ ስፖርት መኪና ሄዱ።

“ማዕድን ማውጫ ውስጥ ስፖርት መኪና?” አልኩት።

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ?”

“አምስተኛው ዋሻ ላይ የጋዙን በር እንኳ በየት እንደሚያልፉት አታውቅም። ባለፈው እኔ ቤት አራት ነፍስ ጨርሰሃል። ስምንተኛውን በየት አለፍከው?”

“አጎቴ ቤት አለፍኩት አልኩሽ።”

“ውሸታም።”

ቲሙርን በግላጭ ውሸታም ያለው ሰው አልነበረም። ከዥዋዥዌው ወረደና መጥቶ ፊቴ ቆመ።

“እንወራረድ።”

“እንወራረድ።”

“ካሴቱን አመጣልሻለሁ። ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በራስሽ ማሽን፣ አንዴ ከተጀመረ ሳይጠፋ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰጥቼሻለሁ፤ አንዷ ሰዓት ምርቃት ናት። ከጨረስሽውና ልዕልት ከሌለች ካሴቱ ያንቺ ነው፤ እኔም ገንዳው ላይ ወጥቼ ‘ዋሽቻለሁ’ ብዬ እጮኻለሁ። ካልጨረስሽው ማሽንሽ የእኔ ነው።”

“ይሁን!” አልኩ። እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ስኒዣና በመዳፏ መትታ ለየችን፤ ውሉ ጸና።

ደረጃውን ስወጣ ነው የገባኝ። ዓርብ የእኛ ሕንፃ ፈረቃ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ መብራት የለንም። ይህን ቲሙር ያውቃል፤ በግቢው ውስጥ ያለ ድመት ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ንዴቴ ቀድሞኝ የአባቴን የወራት ደሞዝ ለአንድ ውሸታም አስረከብኩት።

ስኒዣና ሁለት ቀን ሙሉ አጽናናችኝ፤ ማለትም “ቀድሞውኑ አፍሽን ብትዘጊ ኖሮ” አለችኝ። ረቡዕ ማታ ግን አባቴ ጎንበስ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ሲሠራ አየሁት። በብርዱ ወራት ሰው ሁሉ የመኪናውን ባትሪ ነቅሎ ቤት ያስገባል፤ ውጭ ካደረ ይሞታል። የእኛ ባትሪ ጫማ መደርደሪያው ሥር ጋዜጣ ላይ ነው የሚተኛው። አባቴ ለቅዳሜው ሠርግ ቻርጅ እያደረገው ነበር። ያረጀ ባትሪ ስለሆነ እንደ ሕመምተኛ ይንከባከበዋል።

እኔ ደግሞ በጋ ላይ መብራት በሌለበት የአትክልት ቤታችን አባቴ ትንሿን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከዚሁ ባትሪ ጋር አያይዞ እግር ኳስ ማየቱን አስታወስኩ። ቴሌቪዥኗ እንግዲህ መፍትሔ አላት። ማሽኑስ?

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ የሊዲያ ማትቪየቭናን በር አንኳኳሁ። ሊዲያ ማትቪየቭና ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርት ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በፊዚክስ ጥለዋል፤ አባቴንም ጨምሮ።

“ማነው?”

“ዩስቲና ነኝ፣ ከአምስተኛ ፎቅ። ጥያቄ ነበረኝ።”

በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱት። “ጠይቂ።”

“የጌም ማሽኔ ዘጠኝ ቮልት ይላል። የመኪና ባትሪ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። ባያይዘው ይቃጠላል?”

“የማን መኪና?”

“የማንም።”

“የማንም መኪና ባትሪ የለውም።” ሰንሰለቱን ግን አወለቁት። “ባትሪው ላይ ስንት ክዳን አለ?”

“ስድስት።”

“አሥራ ሁለት ለስድስት ሲካፈል?”

“ሁለት።”

“እና?”

ቆሜ አሰብኩ። እሳቸው አላገዙኝም፤ ሰዓታቸውን አዩ። በክዳኖቹ መካከል ከላይ በኩል የእርሳስ ድልድዮች እንዳሉ ትዝ አለኝ፤ አባቴ በቢላ ሲፈገፍጋቸው አይቻለሁ።

“ከጫፍ ጀምሬ አራት ክዳን ብቆጥር... ስምንት ቮልት። ከአራተኛው ድልድይ ላይ ብቆነጥጠው?”

“ስምንት ዘጠኝ አይደለም፤ ግን ይበቃዋል።” ገብተው ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ይዘው መጡ። “ፕላስና ማይነሱን ካምታታሽ ወደኔ እንዳትመጪ፤ አላውቅሽም። ጌም ጊዜ ማባከን ነው። መልሱ ግን ትክክል ነው።” በሩን ዘጉት።

ዓርብ ትምህርት አልነበረም፤ የማሞቂያው ቧንቧ ፈንድቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሳምንቱ ነው። አባቴና እናቴ ሥራ ሄደዋል። ባትሪውን ከስኒዣና ጋር እየጎተትን ሳሎን አስገባነውና ጠረጴዛው ሥር በጠረጴዛ ልብስ ሸፈንነው።

“ነገ ሠርግ አይደለም እንዴ?” አለች ስኒዣና።

“ነው።”

“እና ባትሪው?”

“ትልቅ ነው” አልኳት። ሁለታችንም እሱን ጉዳይ ተውነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ቲሙር ሰባት ልጆች አስከትሎ መጣ። በአንድ እጁ ካሴቱን፣ በሌላው ባዶ ከረጢት ይዟል።

“ከረጢቱ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ማሽኑን ይዤ የምሄድበት።”

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ካሴቱን ተቀብዬ እፍ አልኩበት፣ ሰካሁት፣ ቁልፉን ጫንኩ። የማሽኑ ቀይ መብራት በራች። ኃይል የምትጠጣው ከግድግዳው ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር ካለው ባትሪ መሆኑን ከስኒዣና በስተቀር ማንም አላወቀም። ትልቁ ባለቀለም ቴሌቪዥን ግን ከግድግዳው ነው የሚሠራው።

በደንብ ተጫወትኩ። ይህን በትሕትና ልናገረው አልችልም። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዋሻ አንድም ነፍስ ሳላጠፋ አለፍኩ። አምስተኛው ላይ ቲሙር የሞተበትን የጋዝ በር ፋኖሱን አጥፍቼ በጨለማ አለፍኩት፤ ከኋላዬ አንድ ልጅ “እንዴ! ፋኖሱ ይጠፋል እንዴ?” አለ። ቲሙር ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ጭው ብሎ ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ የማቀዝቀዣው ድምፅ ቆመ። ታች ፎቅ አንዲት ሴት ተራገመች።

“በቃ” አለ ቲሙር፤ ከረጢቱን ከፈተ። “አስገቢልኝ፤ ሽቦውን አጣጥፈሽ።”

“ቀይዋን መብራት እያት” አልኩት።

ሁሉም ዞሩ። ቀይዋ መብራት እንደበራች ነበረች። ስኒዣና እንደ ባለ ቲያትር የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠችው። ከዚያ ትንሿን ቴሌቪዥን ከአልጋ ሥር አወጣች፤ ሽቦዋን ባትሪው ላይ ቆነጠጠች፤ የአንቴናውን ገመድ አዛወርኩ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ከሰል እየጋለ፣ ባለ ፋኖሱ በጥቁርና ነጭ ብቅ አለ። እዚያው ነው የቆመው፤ ስድስተኛው ዋሻ፣ መሰላሉ ሥር።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

“ይሄ ማጭበርበር ነው!” አለ ቲሙር።

“የቱ ጋ?” አለች ስኒዣና። “ከሦስት እስከ ዘጠኝ፣ በራሷ ማሽን፣ ሳይጠፋ። የራስህ አፍ ነው ያለው። መብራት ከየት ይምጣ ብለህ ነበር? አላልክም።”

“ትክክል!” አሉ ልጆቹ። ሲመጡ የእሱ ነበሩ፤ አሁን የማንም አልነበሩም።

ስድስተኛውን አለፍኩ። ሰባተኛውን ማናችንም አይተነው አናውቅም ነበር፤ ሁለት ነፍስ በላብኝ። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስምንተኛው ዋሻ መጨረሻ ላይ ደረስኩ፤ ዘንዶ አልነበረም። አራት በሮች ነበሩ። ከበሮቹ በላይ ጣሪያው ላይ አራት ፋኖሶች በተርታ ተሰቅለዋል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እያንዳንዱ በርና ፋኖስ ቀለም አለው፤ በፋኖሶቹ ቀለም ተራ በሮቹን መክፈት ነው። የእኔ ቴሌቪዥን ግን ቀለም የለውም።

“ግራጫ” አለ ቲሙር ከኋላዬ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። “ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ። የትኛውን ይመርጣሉ እመቤቴ?”

ገምቼ አንዱን ከፈትኩ። ጣሪያው ወረደ፤ ሰውዬው ሞተ። አንድ ነፍስ ብቻ ቀረኝ። ፖዝ አደረግኩት። የምስሉ ጠርዝም እየጠበበ፣ ዳር ዳሩ እየጠቆረ መጥቷል፤ ባትሪው እየደከመ ነው። ቀይዋ መብራት ራሷ ጠዋት እንደነበረችው አልሆነችም።

“ጠብቂ” አለች ስኒዣና በጆሮዬ። “ዘጠኝ ሰዓት መብራት ይመጣል፤ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ትከፍቺዋለሽ።”

“ዘጠኝ ሰዓት ውርርዱ ያልቃል።”

ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት ቲሙር ፊቴን እንዳያይ። ውጭ በረዶው ነጭ ነው። ማዶ ቁጥር ስምንት ላይ አራተኛ ፎቅ አንድ መስኮት በቢጫ መብራት በርቷል፤ በቀን። መጋረጃውን አወቅኩት።

“ቲሙር፣ ቤታችሁ ማን አለ?”

“ለምን?”

“የእናንተ ቴሌቪዥን ባለቀለም ነው አይደል?”

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጆሮው ቀላ። “ቁልፍ የለኝም።”

“መብራቱ በርቷል፤ አያትህ አሉ።”

“ውሉ...”

“ውሉ ‘እቤትሽ’ አይልም” አለች ስኒዣና። እሷ ከዚያ በኋላ ጠበቃ ሆናለች፤ አይገርመኝም።

ትንሿን ቴሌቪዥን ነቀልናት። ማሽኑና ባትሪው ግን እንደተያያዙ መሄድ ነበረባቸው፤ ሽቦው አንዲት ሜትር እንኳ በማይሞላ ርዝመት። ሦስት ልጆች ባትሪውን በፎጣ ይዘው ከአምስተኛ ፎቅ ደረጃ በደረጃ ሲያወርዱ እኔ ማሽኑን አቅፌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እከተላለሁ፤ እኔና ባትሪው እንደ ሕመምተኛና እንደ ግሉኮስ ጠርሙሱ ሆነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊዲያ ማትቪየቭና በራቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። ሽቦውን ተመለከቱ። “ፕላሱ ትክክል ነው” ብለው ገቡ።

ሕንፃው በር ላይ የአንዱ ልጅ ጎማ አልባ የበረዶ ጋሪ ነበር። ባትሪውን እሱ ላይ ጫንነው። ስኒዣና ገመዱን ጎተተች፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ከጎኗ፣ ማሽኑ ላይ ሻርፔን ደርቤ። ሰባት ልጆች ከፊትም ከኋላም ይሮጣሉ፤ “መንገድ! መንገድ!” እያሉ። በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት “ምንድን ነው? ማን ታመመ?” ብላ ጮኸች። “ባለ ፋኖሱ!” አሏት።

ዥዋዥዌው ጋ ስንደርስ ጋሪው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። አንዱ መቆንጠጫ ከድልድዩ ላይ ሊወልቅ ተንጠለጠለ፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ፣ ድርግም አለች። ስኒዣና ገመዱን ጥላ ጓንቷን በጥርሷ አወለቀችና መቆንጠጫውን በባዶ ጣቷ እርሳሱ ላይ ጫነችው። መብራቷ ተመለሰች። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አምስት ነበር።

“ማነው የሚጎትተው?” አለች ጥርሷን ነክሳ። “እኔ አልለቅም፤ ጎትቱ!”

ገመዱን ያነሣው ቲሙር ነው። ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ጎተተ።

በእነሱ ሕንፃ ሊፍቱ ይሠራል። እኔ፣ ስኒዣና፣ ቲሙር፣ ጋሪውና ባትሪው ተጣብቀን ገባን፤ ሌሎቹ በደረጃው ሮጡ። ሊፍቱ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ፣

“አሁን ቢቆምስ?” አልኩ።

“ዝም በይ” አለ ቲሙር። ዓይኑ ቀይዋ መብራት ላይ ነበር። ያኔ ገባኝ፤ እሱም መጨረሻውን አይቶት አያውቅም፤ እሱም ማየት ይፈልጋል።

አያቱ እማማ ራያ በሩን ከፍተው በጋሪው ላይ ያለውን ጉድ አዩ።

“ጫማችሁን!” አሉ መጀመሪያ። ከዚያ “ምንድን ነው ይሄ? ቦምብ ነው?”

“እማማ ራያ፣ ቴሌቪዥንዎን ለሃያ ደቂቃ ብቻ...” አልኩ።

“በጭራሽ! ስምንት ተኩል ላይ ተከታታይ ፊልሜ አለ። ዛሬ የማርሴላ ዓይን ሊበራ ነው! ሁለት ወር ነው የጠበቅኩት!”

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ከአሥር ይላል።

“ከዚያ በፊት እንወጣለን። ካልወጣን ያስወጡን።”

ስኒዣና ጣቷ መቆንጠጫው ላይ እንዳለ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ቆማለች። እማማ ራያ አዩዋት። “ግቢ እንጂ ልጄ፤ ምን ሆንሽ፣ በረድሽ? ቲሙር! ምን ተገትረሃል? ለእንግዶችህ ወንበር አምጣ!”

ቲሙር ወንበር አመጣ። የአንቴናውን ገመድ ሰካሁ፤ ማያው ላይ ግን ነጭ ጉንዳን የመሰለ ዝብርቅርቅ ብቻ። ቁልፉን አዞርኩ፤ አሁንም ጉንዳን። ስምንት ከሩብ።

“ተይ፣ ተይ፣ ትሰብሪዋለሽ” አሉ እማማ ራያ፤ ገፋ አድርገውኝ ቁልፉን በሁለት ጣት ይዘው፣ ጆሮአቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብለው፣ ፀጉር በምታህል ልክ አዞሩት። ባለ ፋኖሱ ቦግ ብሎ መጣ። ከነቀለሙ።

ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ማንኛውም ሕፃን ሊያነበው በሚችል ልክ ግልጽ ነበር። ፖዙን አነሣሁ። ቀዩን በር ከፈትኩ፤ ጣሪያው አልወረደም። ሰማያዊውን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን። ከአረንጓዴው በኋላ ረጅም ድልድይ ነበር፤ እንጨቱ ከእግር ሥር እየተሰበረ፣ ከላይ ድንጋይ እየዘነበ። አንድ ነፍስ ነው ያለኝ። እጄ በበረዶው ደንዝዟል፤ ጆይስቲኩ ይሰማኝ አልነበረም።

“ዝለል እንጂ አንተ ጅል!” ጮኹ እማማ ራያ። ለሰውዬው ነው። “ዝለል! ድንጋይ! ድንጋይ! ወይኔ ልጄን!”

ዘለልኩ። መጨረሻው እንጨት ከኋላዬ ወደቀ። ማያው ነጭ ሆነ።

ከዚያ ሰውዬው ከተራራው ወጣ። ጠዋት ነበር። ከሥር አንድ ትንሽ ሜዳና ወንዝ፣ ከላይ ስምንት ዋሻ ሙሉ ያላየነው ሰማይ። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ቦት ጫማ አወለቀና ገለበጠው፤ ጠጠር ፈሰሰ። ሌላውንም አወለቀ። ፋኖሱን እፍ ብሎ አጠፋው። ቻይንኛ ፊደላት ከሥር ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አለቀ።

አሥር ልጅና አንዲት አሮጊት ፊደላቱን እስከ መጨረሻው አየን።

“ይሄው ነው?” አሉ እማማ ራያ።

“ይሄው ነው።”

“ምስኪን። ከሥራ ወጣ።” ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

“ልዕልቷስ?” አለ ከኋላ አንዱ ልጅ። “መኪናውስ?”

ያኔ ፈነዳ። ስኒዣና መቆንጠጫውን ለቀቀችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ልጆቹ ሶፋው ላይ ዘለሉ፤ እማማ ራያ “ሶፋዬን!” እያሉ እሳቸውም አጨበጨቡ። በሁለቱ ሕንፃዎች፣ በከተማው፣ እስከማውቀው ድረስ በወንዙ ግራና ቀኝ ባለው አገር ሁሉ፣ ያን ሰውዬ ከተራራው ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ካልሲዬ እርጥብ ነው፤ የምሳሳለት ማሽን የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ተቀብያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ሰዎች ቆመው አጨብጭበውልኛል። ያን አያህልም።

አራት ቀን ሙሉ ለቲሙር ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ጥሩ ጥሩ ነበሩኝ። ዞር ስል ሁሉም እሱን እያዩ ነው። እሱ የጠፋውን ማያ ያያል።

“ጫማውን አወለቀ” አለ፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ጠጠሩን አየሽው?”

“አየሁት።”

ስድቦቹን ዋጥኳቸው። ጎንበስ ብሎ ካሴቱን ከማሽኑ ነቀለ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ኮቱን ከመስቀያው አወረደ፤ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ አደረገ።

“የት ነው አንተ?” አሉ እማማ ራያ። “ማርሴላ ልትጀምር ነው!”

“ገንዳው ጋ” አለ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ሁላችንንም በተራ አየን። “መስኮቱ ጋ ቁሙ። ሁለቴ አልደግመውም።”

ወጣና የገዛ ቤቱን በር በላያችን ዘጋው።